ጉባኤ ያለ ጠባቂ

ለምክር የሚሰበሰቡ ሰዎች በመካከላቸው ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋቸዋልን?

መግቢያ

ሰው ብቻውን ሊኖር አልተፈጠረምና ከባልንጀራው ጋራ መነጋገር የኑሮው ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች በሚነጋገሩበት ጊዜ ነገራቸው ብዙ ሥርዓት አይፈልግም፤ አንዱ ሲናገር ሁለተኛው ይሰማል፥ ያልገባውም እንደ ሆነ መልሶ ይጠይቃል። ሃያ ወይም መቶ ሰዎች ስለ አንድ ነገር ሊመክሩ በተሰበሰቡ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ማን አስቀድሞ ይናገራል? ማንስ ይከተላል? ከተነሣው ነገር የወጣውን ማን ይመልሰዋል? የሚሳደበውንስ ማን ዝም ያሰኘዋል?

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲናገሩ፥ «አስተዋዮች በተሰበሰቡበት ስፍራ ጠባቂ ማቆም ሰዎቹን እንደ ሕፃናት መቍጠር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊናው ይበቃዋል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፥ «ጠባቂ ከሌለ ጉባኤ የለም» ይላሉ። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በማኅበር፥ በትምህርት ቤት፥ በሥራ ስፍራና በቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ምክር የሚለማው ወይም የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በትዕግሥት አብረን እንመርምረው።

1ኛ. በአንድ ዕድር ውስጥ የሆነ ነገር

በወጣትነቴ ዘመን የአንድ ዕድር አባል ነበርሁ። ዕድር ምን እንደ ሆነ ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ጎረቤቶች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፥ ሞት በመጣ ጊዜ ድንኳን የሚተክሉበት፥ ሬሳ የሚያነሡበት፥ ኀዘንተኛውንም የሚያጽናኑበት ማኅበር ነው። የዕድራችን ዳኛ ዕድሜያቸው የገፋ፥ ነገር የማያቻኵሉ ሰው ነበሩ። አንድ እሑድ ግን ወደ ሌላ አገር ሄደው ነበርና ከስብሰባው ቀሩ። ከመካከላችን አንዱ፥ «እስኪመለሱ ድረስ በፈንታቸው ሌላ ሰው እንምረጥ» ቢል፥ «ሁላችን ወንድማማቾች አይደለንምን? ለአንድ ቀን ዳኛ ምን ያደርግልናል?» ብለን ሳቅንበት።

የዚያን ቀን የቀረበው ነገር መዋጮአቸውን ስላልከፈሉ ሰዎች ነበር። ከእነርሱም አንዱ ሦስት ወር ያልከፈለ ሸማኔ ነበር። ድምፁ ከፍ ያለ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ዕድራችን የሰነፎች መጦሪያ አይደለም» አለ። ሁለተኛው ደገፈው፤ ሦስተኛውም የቀድሞ ቂሙን ጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ አራትና አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። ከጮኹት አንዱ እኔ ነበርሁ። በበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ሦስት ጊዜ ተነሡ፤ ሦስት ጊዜም «እባካችሁ፥ አንድ ቃል አለኝ» አሉ። በመጀመሪያው ጊዜ የሰማቸው የለም። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ጐልማሳ «እሜቴ፥ ጥቂት ይታገሡ» አላቸው። በሦስተኛው ጊዜ በፊታቸው የቆመ ሰው ጋረዳቸው። ከዚህ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጥተው ሄዱ። የሸማኔውም ስም በጩኸት ተሠረዘ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሸማኔው ሞተ። ለካ ሦስቱን ወር ሙሉ በአልጋ ላይ ተኝቶ ኖሮአል፤ ሚስቱም አፍራ ችግርዋን ለማንም አልተናገረችም ነበር። ባልቴቲቱ ግን ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቱ ነበሩና ያውቁ ነበር፤ በዚያ እሑድ ሊነግሩን የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ቀብሩ ያለ ዕድር ድንኳን ሆነ። ዳኛው ተመልሰው ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡንም፤ «እኒያ ሴት ሲነሡ ያየ ሰው አልነበረምን?» ብለው ብቻ ጠየቁን። እኔ አይቼ ነበር። ከእኔም ሌላ ያዩ ነበሩ። ዳሩ ግን ሁሉን ዝም አሰኝቶ «አሁን እርሳቸው ይናገሩ» የማለት ኀላፊነት የተሰጠው ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ የሁሉ የሆነውም ሥራ የማንም ሳይሆን ቀረ።

2ኛ. ጠባቂ የሌለው ጉባኤ ገዢ አለው

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? አስቀድሞ፥ ጠባቂ የሌለው ጉባኤ ነጻ ጉባኤ እንዳልሆነ እንማራለን። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ሳይመረጥ የሚቀመጥበት ሰው ይመጣል። ይኸውም ድምፁ ከፍ ያለው፥ ጊዜ የተረፈው፥ እፍረት የሌለው፥ ወይም ብዙ ወዳጆች ይዞ የመጣው ሰው ነው። የተመረጠ ሰብሳቢ ቢበድል «በድለሃል» ይባላል፤ እንዲህ ያለው ገዢ ግን «እኔ እንደ እናንተ አንድ ተናጋሪ ነኝ እንጂ ሌላ ምን ነኝ?» ይላልና የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛ፥ በእንዲህ ያለ ጉባኤ አስቀድመው ዝም የሚሉት የሚያውቁት ሰዎች እንደ ሆኑ እንማራለን። ነገሩን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ቃሉን መዝኖ ሊናገር ይወዳልና ተራ ይጠብቃል፤ ተራ በሌለበት ስፍራ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሳይናገር ይመሻል። ድሀው፥ ልጅ እግሩ፥ እንግዳው፥ ሴቲቱም እንዲሁ ይሆናሉ። በመጨረሻም ወደ ጉባኤው መምጣት ይተዋሉ፤ የቀሩትም እርስ በርሳቸው ተያይተው «እነሆ፥ ሁላችን አንድ አሳብ ሆነናል» ይላሉ። ይህ ግን ስምምነት አይደለም፤ የተቃወሙት ስለ ወጡ የተገኘ ዝምታ ነው።

3ኛ. በኤፌሶን የነበረው ጩኸት

በሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ ስለ ኤፌሶን ከተማ ሁከት እናነባለን። ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ ብዙ ትርፍ ያገኝ ነበር። የጳውሎስ ትምህርት ገበያውን እንደሚያጠፋበት ባየ ጊዜ የሥራ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ አስቈጣቸው። እነርሱም ከጳውሎስ ጋራ ይጓዙ የነበሩትን ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን ይዘው ወደ ከተማው ቴአትር ሮጡ። የዚህ ቴአትር ፍራሽ ዛሬም በቱርክ አገር ይታያል፤ ከሃያ ሺህ የሚበልጥ ሰው ይይዝ ነበር።

በዚያ ስፍራ ጩኸቱ ተደበላለቀ፤ ከመጣውም ሰው የሚበልጠው ክፍል የመጣበትን ምክንያት አያውቅም ነበር። እስክንድር የተባለ ሰው እጁን አንሥቶ ሊናገር ፈለገ፤ ሕዝቡ ግን አይሁዳዊ እንደ ሆነ ባወቁ ጊዜ ምን ሊል እንደ ነበር ሳይሰሙ ሁለት ሰዓት ያህል የአምላካቸውን ስም እየጠሩ ጮኹ። ሁለት ሰዓት! በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጥያቄ አልተጠየቀም፥ አንድ ምስክር አልተሰማም፥ የተያዙትም ሁለት ሰዎች አንድ ቃል አልመለሱም።

ከዚህ በኋላ የከተማይቱ ጸሐፊ ተነሥቶ ሕዝቡን ጸጥ አሰኘ። ይህ ሰው ክርስቲያን አልነበረም፤ እንዲያውም አርጤምስን ከሚያከብሩት አንዱ ነበር። ነገር ግን የተያዙት ሰዎች ቤተ መቅደስ እንዳልዘረፉና አምላካቸውን እንዳልሰደቡ መሰከረላቸው። ድሜጥሮስም ክስ ያለው እንደ ሆነ ወደ ፍርድ አደባባይ እንዲሄድ፥ ሌላም ነገር ያለ እንደ ሆነ በሥርዓት በተጠራ ጉባኤ እንዲታይ ተናገረ፤ ስለ ሁከቱ ሊጠየቁ እንደሚችሉም አስጠንቅቆ ሕዝቡን አሰናበተ።

ወዳጄ ሆይ፥ የዚህን ሰው ሥራ ልብ አድርገህ ተመልከት። ስለ ሃይማኖቱ ክርክር ማን እውነት እንዳለው አልፈረደም፤ ክርክሩ የሚሰማበትን ስፍራና መንገድ ብቻ አመለከተ። እምነታቸውን ያልተቀበለላቸውን ሰዎች ግን ከሞት አዳናቸው። የመልካም ሰብሳቢ ሥራ ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

4ኛ. ጠባቂ አያስፈልግም ለሚሉት መልስ

የመጀመሪያው አሳብ፥ «ፍቅር ካለ ሥርዓት አያስፈልግም» የሚለው ነው። ይህ ቃል ያማረ ነው፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ስለ ፍቅር የሚናገረው ምዕራፍ 13ኛው ነው። ወዲያው የሚከተለው 14ኛው ምዕራፍ ግን በጉባኤ ስንት ሰው እንዲናገር፥ በተራ እንዲናገሩ፥ ለተቀመጠውም ሰው ቃል በመጣለት ጊዜ ይናገር የነበረው ዝም እንዲል የሚያዝዝ ነው። እንግዲህ ስለ ፍቅር ከሁሉ አብልጦ የጻፈው ሰው ቀለሙ ሳይደርቅ ስለ ተራ ጽፎአል። ተራ ማለት ፍቅር በጉባኤ ውስጥ የሚታይበት መልክ ነውና።

ሁለተኛው አሳብ፥ «እውነት ራስዋን ትከላከላለች፤ ሁሉ እንደ ወደደ ይናገር፥ በመጨረሻ እውነት ታሸንፋለች» የሚለው ነው። በዕድራችን ግን እውነት በበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተነሣች፥ ወጥታም ሄደች። እውነት የምታሸንፈው የተሰማች እንደ ሆነ ነው። በኋላም ሸማኔው እንደ ታመመ ሁላችን አወቅን፤ ነገር ግን ያወቅነው በቀብሩ ቀን ነው።

ሦስተኛው አሳብ፥ «ይህ ወንበርና ደወል የባዕድ አገር ሥርዓት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የአባቶቹን ልማድ ረስቶአል። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሁለት ተሟጋቾች በመንገድ ያገኙትን፥ የማያውቁትን ሰው «ዳኛ ሁነን» ብለው ያስቀምጡት ነበር። እርሱም በዛፍ ጥላ ተቀምጦ የሁለቱን ነገር ይሰማ ነበር፤ ፍርዱ ያላስደሰተውም ወደሚበልጠው ዳኛ ይሄድ ነበር። ይህ መንገደኛ ስለ ጕዳያቸው ምንም አያውቅም፤ ወታደርም የለው፥ ወህኒ ቤትም የለው። ስለ ምን ፈለጉት? ቢሉ፥ ነገር ያለ ሦስተኛ ጆሮ ወደ ዱላ እንደሚሄድ ያውቁ ስለ ነበር ነው። እንዲሁም ሰዎች ሲጣሉ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ባለ ጊዜ የተነሣው እጅ ይወርድ ነበር። ያ አላፊ አግዳሚ ከተጣሉት በጕልበት የሚበልጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ከሁለቱም በላይ የሆነውን ሕግ ጠራባቸው። ሰብሳቢ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

5ኛ. ስለ አንድ መኰንን

በአሜሪካ አገር ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የሚባል የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነበረ። በ1863 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት በሚደረግበት ጊዜ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ ከተማ ሳለ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ሰብሳቢ እንዲሆን ተጠየቀ። እርሱ ምሽግ መሥራት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ግን አያውቅም ነበር። እንቢ ማለት አፍሮ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ስብሰባውም ታወከበት። የተሰበሰቡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፥ ምእመናን ነበሩ፤ ሰብሳቢውም የተማረና ቅን ሰው ነበር። ነገር ግን የሚይዙት ሥርዓት በመካከላቸው አልነበረም።

ሮበርት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ስብሰባ ሥርዓት ጥቂት ሳይማር ወደ ሌላ ስብሰባ እንዳይሄድ ቈረጠ። ያገኛቸውን ጥቂት ደንቦች በቍራጭ ወረቀት ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። በኋላም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ። በዚያም ከልዩ ልዩ ግዛት የመጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው የአገራቸውን ልማድ እውነተኛ ሥርዓት አድርገው ሲከራከሩ አየ፤ ስለ ተሰበሰቡበት ሥራ ከመምከር ይልቅ እንዴት መምከር እንደሚገባ ይጣሉ ነበር። ስለዚህ ደንቦቹን በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ በ1876 ዓመት አሳተመ፤ መጀመሪያ የታተመው 4000 ቅጂ ነበር። ይህ መጽሐፍ እየታረመ እስከ ዛሬ ድረስ በአሜሪካ ብዙ ማኅበሮች ይሠሩበታል።

ከደንቦቹ ጥቂቶቹን ብንመለከት ጥበባቸው ግልጥ ነው። በአንድ ጊዜ የሚነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሊናገር የሚፈልግ ያልተናገረ ሰው ሳለ የተናገረው ሁለተኛ ተራ አያገኝም። ተናጋሪው ቃሉን የሚያቀናው ወደ ሰብሳቢው ነው እንጂ ወደ ተቃዋሚው አይደለም፤ ፊት ለፊት «አንተ» ሲባባሉ የሚነድደው ቍጣ በዚህ ይበርዳል። አሳብን መንቀፍ ይፈቀዳል፤ የባለ አሳቡን ልብ መንቀፍና «ይህን የምትለው ስለ ጥቅምህ ነው» ማለት ግን አይፈቀድም። ሰብሳቢው ራሱ ሊከራከር የወደደ እንደ ሆነም ወንበሩን ለሌላ ለቅቆ ከሕዝቡ ጋራ ይቀመጣል።

6ኛ. ሰብሳቢ የማን አገልጋይ ነው?

እስከዚህ ድረስ ጠባቂ እንደሚያስፈልግ ተናገርን። አሁን ግን ከተቃዋሚዎች አሳብ ሁሉ የሚበረታውን መመርመር ይገባናል፤ ይኸውም «ጠባቂውንስ ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ወንበር የያዘ ሰው ወዳጁን ሁለት ጊዜ አናግሮ ተቃዋሚውን «ጊዜ የለንም» ሲለው ያላየ ማን አለ? «ሥርዓት» የሚለውን ቃል እንደ ዱላ ይዞ፥ የማይወደውን አሳብ ሁሉ ሁከት ብሎ የሚጠራ ሰብሳቢ ከጯኺው ይከፋል፤ ጯኺው በገዛ ስሙ ይጮኻል፥ እርሱ ግን በሕግ ስም ይበድላል።

ስለዚህ ሰብሳቢ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሰብሳቢውን «ተናጋሪ» ብሎ ይጠራዋል፤ በዚህ ስም መጀመሪያ የተጠራው ቶማስ ሀንገርፎርድ በ1377 ዓመት ነው። የሚያስደንቀው ነገር፥ ይህ «ተናጋሪ» የተባለው ሰው በክርክር የማይናገር መሆኑ ነው። ስሙ የተሰጠው የምክር ቤቱን ቃል ለንጉሡ ስለሚያደርስ ነበር። ዛሬም በተመረጠ ጊዜ ከፓርቲው ይወጣል፤ ድምፅም የሚሰጠው የሁለቱ ወገን ቍጥር የተካከለ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በ1642 ዓመት ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ወታደሮች አስከትሎ ወደዚያ ምክር ቤት ገባና አምስት እንደራሴዎችን ሊይዝ ፈለገ። በወንበሩ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ዊልያም ሌንታልንም የት እንዳሉ ጠየቀው። ሌንታል በንጉሡ ፊት ተንበርክኮ፥ ምክር ቤቱ ካዘዘው በቀር በዚያ ስፍራ የሚያይበት ዓይን የሚናገርበትም ምላስ እንደሌለው በትሕትና መለሰ። አምስቱ ሰዎች አስቀድመው ሄደው ነበርና ንጉሡ ባዶ እጁን ተመለሰ።

በአማርኛችን «አፈ ጉባኤ» የምንለው ስም ይህንኑ ነገር በሁለት ቃል ይናገራል፤ ትርጓሜው የጉባኤው አፍ ማለት ነው። አፍ የሰውነት አገልጋይ እንጂ ጌታ እንዳይደለ ሁሉ፥ ሰብሳቢም ጉባኤውን የሚያገለግል እንጂ ጉባኤው እርሱን የሚያገለግለው አይደለም።

7ኛ. የመልካም ሰብሳቢ ምልክቶች

ሰብሳቢ ለመሆን የምትመረጥ ወንድም ወይም እኅት ሆይ፥ እነዚህን ነገሮች ልብ አድርግ።

ሀ. ደንቡ ከክርክሩ በፊት ይታወቅ። ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለአንዱ ወገን የተሠራ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው።

ለ. ዓይንህ በበሩ አጠገብ ይሁን። ፊት የተቀመጠው ሰው ያላንተ እርዳታ ይናገራል። ለመነሣት የሚያመነታውን ሰው ማየትና «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ማለት ጯኺውን ዝም ከማሰኘት የሚበልጥ ሥራ ነው።

ሐ. የምትከለክለው ስድብን እንጂ ተቃውሞን አይሁን። መራራ አሳብ በጨዋ ቃል ሲነገር ልትሰማው ይገባሃል፤ ጣፋጭ አሳብም በስድብ ሲነገር ልትገታው ይገባሃል፤ ለወዳጅህም ቢሆን።

መ. ከመከልከል በፊት ምከር፤ በሕዝብ ፊት ከመገሠጽ በፊት ለብቻው ንገረው። ሰው በሰው ፊት ካፈረ በኋላ አሳቡን ሳይሆን ክብሩን ይከላከላል።

ሠ. ሰውን የከለከልህ እንደ ሆነ ምክንያቱን ተናገር፤ «ፍርድህ ልክ አይደለም» ብሎ ወደ ጉባኤው ይግባኝ የሚልበትንም መንገድ አትዝጋበት።

ረ. ነገሩ የራስህ ወይም የዘመድህ በሆነ ጊዜ ወንበሩን ልቀቅ።

ሰ. ለመናገር አትቸኵል። በሐዋርያት ሥራ በ15ኛው ምዕራፍ በኢየሩሳሌም ስለ ተደረገው ጉባኤ ተጽፎአል። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ጴጥሮስ ተናገረ፤ ሕዝቡ ጸጥ ብለው በርናባስንና ጳውሎስን ሰሙ፤ ያዕቆብ አሳቡን የሰጠው ከእነርሱ በኋላ ነው። ጉባኤው የደረሰበትም ውሳኔ በደብዳቤ ወደ አንጾኪያ ተላከ። ያዕቆብ አስቀድሞ ተናግሮ ቢሆን፥ ሌሎቹ የእርሱን ቃል ለመድገም ወይም ለመቃወም ብቻ በተነሡ ነበር።

8ኛ. የተሰብሳቢው ድርሻ

ሰብሳቢው ሁሉን ሊሠራ አይችልም። ምላሱን የማይገታ ሰው መቶ ጠባቂ ቢቆምለት ጉባኤን ማወኩ አይቀርም። በመጽሐፈ ምሳሌ በ18ኛው ምዕራፍ አስቀድሞ የሚናገር ሰው ጻድቅ እንደሚመስል፥ ባልንጀራው መጥቶ በመረመረው ጊዜ ግን ነገሩ እንደሚገለጥ ተነግሮአል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቃል ሰምተህ አትፍረድ። ሌላው ሲናገር መልስህን አታዘጋጅ፤ የሚለውን ስማ። የአገራችን ሰዎች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዳሉት የተነገረ ቃል አይመለስምና ከመናገርህ በፊት መዝነው። ሰብሳቢው ሲያቆምህም ቁም፤ በድሎህ እንደ ሆነ በሥርዓት ጠይቀው። ለአንተ የማይመችህን ዳኝነት ዛሬ የናድህ እንደ ሆነ፥ ነገ የሚያስፈልግህን ዳኝነት አጠፋህ።

በዘመናችን ደግሞ ብዙ ሰዎች በአንድ ስፍራ ሳይገናኙ፥ ፊት ለፊትም ሳይተያዩ በጽሕፈት ይነጋገራሉ። እነዚህ ከሌሎቹ ይልቅ ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል። በአዳራሽ የተሰደበ ሰው ፊቱ ሲጠቍር ተሳዳቢው ያያል፥ ምናልባትም ይጸጸታል፤ በጽሕፈት የሚሳደብ ግን የባልንጀራውን እንባ አያይም። በአዳራሽ የተነገረ ስድብ ከሰሚዎቹ ጋራ ይበተናል፤ የተጻፈው ግን በቦታው ተቀምጦ ቆይቶ የመጣውን አንባቢ ሁሉ ይወጋል። ለእነዚህም ጠባቂዎች ከዚህ በላይ የተጻፈው ምክር ሁሉ ይገባቸዋል፤ ይልቁንም ደንቡን አስቀድሞ መግለጥና የከለከሉበትን ምክንያት መናገር። የተጻፈን ቃል በስውር ማጥፋት ቀላል ነውና።

መደምደሚያ

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ብዙ ሰዎች የሚመክሩበት ስፍራ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የሚያስፈልገውም ሰዎቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ መልካም ሰዎችም ባንድ ጊዜ ሲናገሩ ስለማይሰማሙ ነው። ጠባቂውም ከደንብ በታች መሆን ያስፈልገዋል፤ ይህም መልካም ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ራሱን ሊረሳ ስለሚችል ነው። ደንብ የሌለው ጠባቂና ጠባቂ የሌለው ደንብ ሁለቱም አይበቁም።

የሸማኔው ልጆች ዛሬ አድገዋል። እኔም ከዚያ ዘመን ወዲህ በብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ሰብሳቢ ሆኜአለሁ። ክርክሩ በጋለና ድምፅ ከፍ ከፍ ባለ ጊዜ ወደ በሩ እመለከታለሁ። አንተም አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው ስብሰባህ ወደዚያ ተመልከት፤ አንድ ቃል ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል።

ለማጥናት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ጠባቂ የሌለው ጉባኤ ነጻ አይደለም የተባለው ስለ ምንድር ነው? አንተ ባለህበት ማኅበር ሳይመረጥ የሚገዛ ሰው አለን?

2. የኤፌሶን ከተማ ጸሐፊ በክርክሩ ሳይፈርድ ሰዎቹን ያዳናቸው እንዴት ነው?

3. ስድብን በመከልከልና ተቃውሞን በመከልከል መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ከምታውቀው ነገር ምሳሌ ስጥ።

4. ሰብሳቢው የበደለ እንደ ሆነ ጉባኤውን ሳያውኩ ሊታረም የሚችለው በምን መንገድ ነው?

5. ባለፈው ስብሰባህ ሳይናገር የወጣ ሰው ማን ነበር? ሄደህ ምን ሊል እንደ ነበር ጠይቀው።